ከዘመሮ እስከ ሜሪላንድ፤ አንድ በሽታ፣ ሁለት መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ መንዝ የሚጓዝ ሰው ከብርዱ ጋር የሚተዋወቀው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከመኪና ሲወርድ፣ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ይበቃኛል ያለው ሹራብ እንደማያዛልቀው ይገባዋል። ጣርማ በር ሲደርስ የደሴው አስፋልት ተራራውን ሰንጥቆ ወደሚያልፈው ዋሻ ይቀጥላል። የመንዝ መንገደኛ ግን ዋሻውን ሳይነካ ወደ ግራ ይታጠፋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው አገር የገብስ፣ የበግና የነፋስ አገር ነው። ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡ ናቸው። ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ከዚያ የተሠራውን ባናና ዝተት ልጅ አዋቂ ይከናነበዋል። ሜዳው ማለቂያ ያለው አይመስልም። ድንገት ግን መሬቱ ይቆረጥና ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማሉ። ማዶ ያለውን መንደር ተጣርተው የሚያሰሙት ይመስልዎታል። በእግር ልሂድ ካሉ ግን ቁልቁል ወርዶ አቀበት መውጣት አለ፤ ቀኑ በዚያው ያልቃል። መንዝ ውስጥ የቀረበ የሚመስል ነገር ሁሉ ቅርብ አይደለም።

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ የሄድኩት በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ታላቋን አክስቴን ለመጠየቅ ነበር።

እናቴ ሁለት እህቶች አሏት። ታላቋ፣ እኛ ልጆቹ እትዬ የምንላቸው፣ ከዘመሮ ዙሪያ ርቀው ኖረው አያውቁም። ታናሿ ከሠላሳ ዓመት በፊት አሜሪካ ገብታ ሜሪላንድ ውስጥ ትኖራለች። ሁለቱም በሁለት ዓመት ልዩነት የጡት ካንሰር ያዛቸው። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ያደጉትም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ምስር የምታህል ነገር

እትዬ የገብስ ቆሎ አቅርበው፣ ጠላውን አስቀድተው፣ ስለ ሁሉም ዘመድ ደኅንነት አንድ በአንድ ከጠየቁኝ በኋላ ነው ስለ ራሳቸው የተናገሩት። “ጡት” የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም፤ “ደረቴ” ነው ያሉት።

“መጀመሪያ ያገኘኋት በፍልሰታ ነው። ምስር ነው የምታህለው። አላመመችኝም። ያላመመኝን ነገር፣ ልጄ፣ ምን ብዬ ለሰው ላውራው?”

“ከዚያስ እትዬ?”

“ከዚያማ እህል ደረሰ። አጨዳ መጣ፣ ውቂያ መጣ። በሁዳዴ ጸበል ገባሁ። ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝ። ዓመት ዞሮ ሲቆስል የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር አየችኝ። እሷ ናት ጎትታ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ፤ እግዜር ይስጣት።”

ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸው። ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ተጠበቀ። ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ተደረገላቸው። በየሦስት ሳምንቱ ለኬሞ መመላለስ ነበረባቸው፤ በየጊዜው የመኪና፣ የማደሪያ፣ የአስታማሚ ወጪ አለ። መጀመሪያ በጎቹ ተሸጡ፤ ቀጥሎ አንዱ በሬ ተሸጠ። “ሁለተኛውን በሬ ለምን እሸጣለሁ? ልጆቼ በምን ይረሱ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታናሿ አክስቴ ታሪኳን የነገረችኝ በስልክ ነው። በእጇ የዳበሰችው እብጠት አልነበረም። ሐኪሟ ያስያዘላት ዓመታዊ የማሞግራም ቀጠሮ ደርሶ ሄደች፤ ምስሉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነገር ታየ። በሳምንቱ ናሙና ተወሰደ፣ በወሩ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ከዚያ የጨረር ሕክምና ተከተለ። አብዛኛውን ወጪ የመሥሪያ ቤቷ የጤና መድን ከፈለው። “እኔ እኮ ምንም አላገኘሁም፤ እነሱ ናቸው ያገኙልኝ” ትላለች። ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት።

“የሀብታም በሽታ” ነውን?

ካንሰር የሀብታም አገር በሽታ ነው ሲባል የምንሰማው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። የታማሚዎችን ቁጥር ብቻ ካየን እውነትም ሀብታሞቹ ይበዛሉ። ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ካንሰር ደግሞ በዕድሜ ይበዛል። ትንባሆው፣ አልኮሉ፣ ውፍረቱ፣ ዘግይቶ መውለዱ ይጨመርበታል። ምርመራውም ስለተስፋፋ ያለው ሁሉ ይገኛል፣ የተገኘውም ይመዘገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የ2022 ግምት መሠረት፣ በዚያ ዓመት በዓለም ላይ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ በካንሰር ተይዘዋል፤ 9.7 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ በካንሰር ሞተዋል። ከዚሁ መግለጫ ውስጥ ሁለቱን አክስቶቼን የሚያስታውሱኝ አራት ቁጥሮች አሉ። እጅግ በበለጸጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ የጡት ካንሰር ይገኝባታል፤ በዚሁ በሽታ የምትሞተው ግን ከ71 ሴቶች አንዷ ናት። በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ባሉት አገሮች በሽታው የሚገኝባት ከ27 ሴቶች አንዷ ብቻ ናት፤ የምትሞተው ግን ከ48 አንዷ ናት።

ቁጥሩን ወደ ቤት ቋንቋ እንመልሰው። በሀብታም አገር የጡት ካንሰር ከሚገኝባቸው ስድስት ሴቶች አንዷ ገደማ በበሽታው ታልፋለች። በድሃ አገር ግን ከሁለቱ አንዷ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ስለዚህ ካንሰር በብዛት የሚገኘው በሀብታም አገር ቢሆንም፣ ይዞ የሚገድለው በድሃ አገር ነው።

የአገራችንም ሒሳብ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎችና ወደ 52 ሺህ የሚጠጋ የካንሰር ሞት እንደነበረ ተገምቷል። በየዓመቱ ሦስት ሰው ሲታመም ሁለት ሰው ይሞታል እንደማለት ነው። በአሜሪካ ለ2024 የተሰላው ግምት ሁለት ሚሊዮን ያህል አዲስ ታማሚና ወደ 612 ሺህ የሚጠጋ ሞት ነው፤ እዚያ አሥር ሰው ሲታመም የሚሞተው ሦስት ነው። በርግጥ በአንድ ዓመት የታመመውና በዚያው ዓመት የሞተው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ልዩነቱ ዓይን የሚስት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የአገሪቱ ግምት በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ጥቂት ምዝገባዎች ላይ የቆመ ነው። ከገደል ማዶ ባለው መንደር “ሆዷን አሟት”፣ “ከስታ ከስታ” ተብላ የተቀበረች ሴት የትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። ስለዚህ በድሃ አገር ካንሰር ትንሽ ነው ስንል፣ የተቆጠረው ትንሽ ነው ማለታችንም ጭምር ነው።

ከስሙ እንጀምር

በዘመሮ ገበያ ስለዚህ በሽታ ስትጠይቅ “ካንሰር” የሚልህ ወጣቱ ነው። አረጋውያኑ “ነቀርሳ” ይላሉ፤ ወይም ስሙን ላለመጥራት “ያ ክፉ በሽታ”። ነቀርሳ የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ጌታ አለው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ የጡት ነቀርሳ ስንል ካንሰር። አንዱ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ሌላው አይተላለፍም። አንድ አዛውንት የነቀርሳ ታማሚ የጠጣበትን ጣሳ ለብቻ እንደሚያስቀምጡ ነገሩኝ። ለሳንባው ሲፈሩ የጡቱንም ሴት ያገለሉ ነበር ማለት ነው። እትዬም ለጎረቤት ያልተናገሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ያንን ፍርሃት ጠንቋይና ባሕል ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን መንደርተኛው የሚያውቀው ካንሰር መጨረሻው ላይ የደረሰውን ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ አዲስ አበባ ደርሳ፣ በሬዋን ሸጣ የተመለሰች ሴት በስድስት ወሯ ስትቀበር ያየ ሰው፣ “ሕክምናው ነው የገደላት” ቢል አይፈረድበትም። ዘግይቶ መሄድ ሞትን ያመጣል፤ ሞቱ ደግሞ ሌላዋን ሴት ያዘገያታል።

በአገራችን የጡት ካንሰር ታማሚዎች አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ይህ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት የዓለም ጤና ድርጅትን ቁጥር መመልከት ይበቃል። በሀብታም አገሮች የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በሕንድ 66 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ 40 በመቶ ናቸው። በልጆች ካንሰር ልዩነቱ ይብሳል። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ይድናሉ፤ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው።

መኪናው፣ ማደሪያው፣ ተራው

ለረጅም ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር አንድ ማዕከል ማለት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞች ተጨማሪ ማዕከሎች ሥራ ጀምረዋል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለዘመሮ ሴት ግን መንገዱ አሁንም በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሪፈር ይዞ ለመጣ አባል ብዙ ይረዳል። የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የአስታማሚውን ምሳ ግን አይከፍልም፤ ከውጭ ፋርማሲ ግዙ የሚባለው መድኃኒትም አለ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ወላጆች በካንሰር ያጡትን ትንሽ ልጃቸውን ስም ሰጥተው ያቋቋሙት ድርጅት፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ሲሰጥ የቆየው ይህን ክፍተት ስላየ ነው። ሕክምናው ቢኖር እንኳ የሚያድርበት የሌለው ሰው ሁለተኛውን ቀጠሮ ይተዋል።

ሀብታም አገር ውስጥ መኖርም ብቻውን መድን አይደለም። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ከነጮቹ በጥቂቱ ያነሰ የጡት ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ በበሽታው የመሞት መጠናቸው ግን በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ታናሿ አክስቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ፣ “የጽዳት ሥራ እሠራ በነበረበት ጊዜ ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ያኔ ቢይዘኝ ኖሮ ማን ያየኝ ነበር?” አለች። አገሩ ያው ሜሪላንድ ነው፤ የለወጣት ደጋግማ ልትመረመርበት የምትችል በር መከፈቱ ነው።

እትዬ ያረፉት በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ቀን በዝቶ ነበር። ሁለት የክትትል ቀጠሮዎች በዚያ ምክንያት አለፏቸው። ለቀብርም አልደረስንም። መርዶውን ለታናሽ እህታቸው በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ደጋማ ወረዳም ይችላል

እንግዲህ ሀብታም እስክንሆን እንጠብቅ ወይ? ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ምሳሌ ሩዋንዳ ውስጥ አለ። ቡታሮ የሚባለው ቦታ በሰሜን ሩዋንዳ፣ እንደ መንዝ ሁሉ ደጋማና ገጠር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 የካንሰር ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ ኬሞ ከዋና ከተማው ወጥቶ ገጠር ድረስ ሄደ። የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነርሶች ጡት በእጅ መርምረው እንዲለዩና ቶሎ ሪፈር እንዲጽፉ ሠለጠኑ። ሥልጠናው በተሰጠባቸው ጣቢያዎች ቀድመው የተገኙ ታማሚዎች በረከቱ። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ለልጃገረዶቿ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገር አቀፍ ደረጃ ስትጀምር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሀብታም አይደለችም።

መንዝም ቀድሞ መጠበቅን አያጣም። እዚያው መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳ ሣር ሕዝቡ ለዘመናት የጠበቀው ሣሩ ካለቀ በኋላ ተሯሩጦ አይደለም። ገና ሳለ ከልሎ፣ ጊዜ ወስኖ፣ ለሁሉ የሚያስገድድ ሥርዓት አበጅቶ ነው።

በካንሰርም የሚቻለው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት ይበልጣል። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በማኅፀን በር ካንሰር ከሞቱት 350 ሺህ ያህል ሴቶች 94 በመቶዎቹ ከድሃና ከመካከለኛ ገቢ አገሮች ናቸው። ይህ ካንሰር ግን አስቀድሞ መከላከል የሚቻል ነው። መንሥኤው ኤች.ፒ.ቪ. የሚባል ቫይረስ ሲሆን ክትባት አለው። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ደግሞ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ቀላል ምርመራ አለ። ነርሷ የማኅፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በቀጭን የኮምጣጤ ውሕድ ቀብታ ታየዋለች፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ነገር ካለ ይነጣል። ብዙ ጊዜ እዚያው ማከም ይቻላል። ለዚህ ማሞግራም አያስፈልግ፣ አዲስ አበባ አያስፈልግ።

ለጡት ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወሬ ነው። የማያም እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መሰል ፈሳሽ ከታየ፣ “አላመመኝም” ብሎ መተው አያስፈልግም። ብዙው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ያንን የሚለየው ግን ምርመራው ነው። ጸበል የሚገባ ሰውም ሪፈሩን ይዞ መግባት ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አብዛኞቻችን አዲስ አበባ እንኑር እንጂ አገር ቤት እናት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት አለችን። ለበዓል ስንሄድ ቡናና ስኳር እንይዛለን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ እንጠይቃለን። በዚህ በዓል አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ ሴቶቹ ለብቻ ሲቀመጡ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፦ “እትዬ፣ ደረትዎ ላይ ያልለመዱት ነገር አለ? ጤና ጣቢያ ታይተው ያውቃሉ?” የ14 ዓመት ልጅ ካለችም ተከትባ እንደሆነ እንጠይቅ። አለ ካሉ ደግሞ ቡናው ሳይበርድ ወደ ጤና ጣቢያው አብረን እንሂድ፤ ለመኪናው የሚሆነውንም እጃቸው ላይ ትተን እንመለስ።